ሰማይ ላይ ያጠፋሁት ሞተር

«መኪና ሲበላሽ ዳር ይዘህ ትቆማለህ። ሰማይ ላይ ዳሩ የት ነው? እስቲ እዚሁ ሃጂ ፊት ንገረኝ፤ ዳሩ የት ነው?»

አክስቴ ዘሀራ ናት። ባሏ ጋሽ ሰይድ ፊት ለፊቷ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል።

«አውሮፕላን ሞተሯ ቢጠፋ እንኳ እንደ ድንጋይ አትወድቅም አልኩሽ። ተንሳፋ ትወርዳለች። ሜዳ መርጦ ማሳረፍ ነው።»

«ሜዳ መርጦ! ሰማችሁልኝ? ገበያ ወጥቶ ቲማቲም የሚመርጥ ይመስላል!»

ሃጂ ኑሩ ሳቃቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። «እኔስ ሊፍት ውስጥ ስገባ እንኳ ሸሀዳዬን ይዤ ነው» አሉ። አብረዋቸው ለሽምግልና የመጡት ጎረቤታችን አቶ ተፈራ ግን አልሳቁም። «ሰይድ ወንድሜ፣ የማቆሚያዋ ሃንጋር ኪራይ አለ፣ ኢንሹራንሱ አለ፣ የሚስትህ ጭንቀት አለ። ለምንድነው የማትሸጣት?»

ይህ የሆነው ከሁለት ዓመት በፊት አሜሪካ፣ ሚኔሶታ ውስጥ ኩን ራፒድስ በምትባል ከተማ፣ አክስቴ ቤት ሳሎን ውስጥ ነው። እኔ ወደ ቤዝመንት በሚወርደው ደረጃ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነበር፤ ያኔ ታች ያለው ክፍል የእኔ ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን ዘመድ ሁሉ ያውቀዋል፤ አውሮፕላኗ ተሸጠች። በማን ምክንያት እንደተሸጠች ግን ከእኔና ከጋሽ ሰይድ በቀር የሚያውቅ የለም። ለእናቴ አልነገርኩም። ለጓደኛ አልነገርኩም። እስከ ዛሬ ለማንም አልነገርኩም። በእኛ ሃይማኖት ኃጢአትን ለሌላ ሰው መናዘዝ የሚባል ነገር የለም፤ ያለው የበደሉትን ሰው ፊቱን እያዩ ይቅር በለኝ ማለት ነው። እኔ ያንን ፊት ማየት አቃተኝና ወደ አንተ መጣሁ፤ ወደማላውቅህ አንባቢ። ስለማላውቅህ ይሆናል የደፈርኩት።

ጋሽ ሰይድ ሕመምተኞችን ሆስፒታል የሚያመላልስ ቫን ይነዳል። ዊልቸር ያስራል፣ ይፈታል፣ ቀና ብሎ የማያየውን ሁሉ በትሕትና ያወርዳል። ይህን ሲሠራ ኖሮ አንድ ቀን አንድ አሮጌ ፈረንጅ ተሳፋሪው ስለ አውሮፕላን አወራው። በዚያው መብረር ተማረ፤ ፈቃድም አወጣ። ከሽማግሌው ጋር በሽርክ አራት ሰው የምትይዝ፣ ባለ አንድ ሞተር አሮጌ አውሮፕላን ገዙ። ሽማግሌው ሲደክም ድርሻውን ትቶለት ሄደ። ከቤታችን በማይርቅ ትንሽ ኤርፖርት፣ እንደ ጋራዥ በተደረደሩት የቆርቆሮ ሃንጋሮች በአንዱ ውስጥ ያቆማታል። እሑድ እሑድ ልጁን ሀያትን ይዞ ይሄዳል። ሀያት ከበሩ በላይ ያለውን ክንፍ በጨርቅ ለመወልወል መሰላል ላይ ቆማ አይቻታለሁ። ሚኔሶታ የተወለደች ልጅ ናት፤ እናቷ በአማርኛ ስትጠራት በእንግሊዝኛ ነው የምትመልሰው። እዚያ ግን አባቷ የሚላትን በአማርኛ እየደገመች ትሠራ ነበር።

«በር አትወርውሪ» ይላት ነበር። «የአውሮፕላን በር የፍሪጅ በር አይደለም። ገፋ፣ ከዚያ በእጅሽ ሞክሪው፤ መያዙን ሳታረጋግጪ አትሂጂ።»

አንድ የነሐሴ ከሰዓት ሀያት የኳስ ልምምድ ነበራትና በእሷ ቦታ እኔን ይዞኝ ወጣ። «ገጣሚው፣ ዛሬ ከላይ ሆነህ ታየዋለህ» አለኝ። ግጥም የሚያስተምረኝ ሰው ኖሮ አያውቅም፤ በሱቅ ሥራዬ ዕቃ ስደረድር ስልኬ ላይ እየጻፍኩ ነው ራሴን ያስተማርኩት። ጋሽ ሰይድ ግን ከቀልዱ በታች የምሩን ነበር ገጣሚው የሚለኝ። ቀድሞ የጠራኝ እሱ ነው።

መጀመሪያ አማረኝ። በየጓሮው የተዘረጋው ክብ የልጆች መዝለያ ከላይ የሸሚዝ ቁልፍ ይመስላል። የሚሲሲፒ ወንዝ ደግሞ አልጋ ላይ የተወረወረ ቀበቶ ነው። ከዚያ አውሮፕላኗ ድንገት ወረድ አለች፤ መልሳ ወጣች፤ ወደ ጎን ተገፋች። ጋሽ ሰይድ የሞቀ አየር ነው አለኝ፤ መንገድ ላይ ጉድጓድ እንደመግጠም ነው አለኝ። አልሰማሁትም። ክንዱን ይዤ ጮህኩ። አለቀስኩ። ኮፍያዬ ውስጥ አስታወክኩ። እጄ ከመንቀጥቀጡ የተነሳ ኮፍያውን መያዝ አቅቶኝ ሱሪዬ ላይ ደፋሁት። እሱ በአንድ እጁ እየነዳ በሌላው ጉልበቴን ይዞ መንዙማ ማንጎራጎር ጀመረ፤ የወሎ እናቶች ልጅ ሲያባብሉ እንደሚያደርጉት፣ ዝግ ብሎ። እያንጎራጎረ አዞራት፣ እያንጎራጎረ አሳረፋት። ወርደን መቀመጫውን ራሱ ጠረገው። ሱሪዬን እንድለውጥ የሥራ ቱታውን ሰጠኝ። «ይሄ በእኔና በአንተ መካከል ነው» አለኝ። ቃሉን ጠበቀ። ቃሉን የጠበቀው እሱ ብቻ ነው።

በዚያ መኸር ስኔሊንግ ጎዳና አጠገብ ባለ አዳራሽ ሐበሾች የሚሰባሰቡበት ምሽት ነበር፤ ግጥም አንብብ ተባልኩ። ያነበብኩት ያንን በረራ ነው። ግን ምን አደረግኩ? ሞተሩን አጠፋሁት። በግጥሜ ውስጥ ሰማይ መሃል ሞተሩ ዝም ይላል። በግጥሜ ውስጥ አብራሪው እጆቹ ይንቀጠቀጣሉ፤ ወጣቱ ደግሞ ጎኑ ተቀምጦ በጸጥታ ሞትን ያያል። ገባህ? የራሴን እጅ መንቀጥቀጥ አውጥቼ ለጋሽ ሰይድ ሰጠሁት፤ የእሱን ጸጥታ ወስጄ ራሴ ለበስኩት። አዳራሹ ተነስቶ አጨበጨበ። አንዲት ሴት ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አድርጋ አለቀሰች። አስተዋዋቂው ማይኩን ተቀብሎ «ይሄ ልጅ ያላየውን አይጽፍም!» አለ። ከዚያ በፊት በሕይወቴ ማንም ስለ እኔ እንደዚያ ብሎ አያውቅም ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ ጋሽ ሰይድ ይነዳል። «ጥሩ ነው፤ ወድጄዋለሁ» አለ፤ ከዚያ ሳቀ። «ግን ምን አድርጎህ ነው ሞተሬን ያጠፋኸው?»

እኔም ሳቅኩ። አክስቴ አልሳቀችም። ወደ ኋላ ዞራ አየችኝ። «አልጠፋም ነበር?»

«ግጥም እኮ ነው እትዬ» አልኳት።

አዎ ወይም አይደለም አላልኩም። እሷም ሌሊቱን ሙሉ ይህን መልስ ስታገላብጥ አደረች። እስከዚያ ድረስ ነገሩ ትሸጥ አትሸጥ በሚል የቤት ጭቅጭቅ ላይ ነበር፤ አንድ ወር ትሸጥ ትላለች፣ በሚቀጥለው ሀያት ትምህርቷን እስክትጨርስ ይቆይ ትላለች። ከግጥሙ በኋላ ግን ሽማግሌ ላከችበት።

አሁን ወደ ሳሎኑ ልመለስ። ልሸሸው የምፈልገው ቦታ እሱ ነው።

ሃጂ ኑሩ ፊታቸውን ወደ ደረጃው አዞሩ። «ኢብሮ፣ ና እዚህ ተቀመጥ። አብረኸው የወጣኸው አንተ ነህ። ያ ግጥምህ እንቅልፍ ነስቶኛል። ሚስት ትፈራለች፣ ባል ይወዳል፤ ሁለቱም ለራሳቸው ያደላሉ። አንተ ግን ምስክር ነህ። የጻፍከው የሆነ ነገር ነው?»

ሁሉም አዩኝ። ጋሽ ሰይድም አየኝ፤ ፊቱ ላይ ምንም ስጋት አልነበረም። አሁን ይናገራል፣ ነገሩም እዚህ ላይ ያልቃል ብሎ የጠበቀ ሰው ፊት ነው። ሁለት ቃል ነበር የሚፈለግብኝ፤ «ፈጥሬው ነው»። ያንን ብል ግን ያ ጭብጨባ ምን ይሆናል? ያላየውን አይጽፍም የተባለው ልጅ ምን ይሆናል? ቀጥሎስ ታዲያ ያኔ ምን ሆነ ብለው ቢጠይቁኝ፣ ኮፍያውን ልናገር ነው?

«አዎ» አልኩ።

«ሞተሩ ጠፋ?»

«ለትንሽ ጊዜ።»

«እጁስ?»

«ይንቀጠቀጥ ነበር።»

አየህ፣ አንድ ጊዜ አይደለም የዋሸሁት። ተጠይቄ፣ ጊዜ ተሰጥቶኝ፣ ሦስት ጊዜ ነው። አክስቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ሃጂ ወደ ጋሽ ሰይድ ዞረው በለሰለሰ ድምፅ «አንተስ ምን ትላለህ?» አሉት። አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃው ነበር። «ያለቀሰው እሱ ነው፤ ቱታዬን ለብሶ ነው የተመለሰው» ቢል እኔ ዛሬ ገጣሚ ተብዬ አልጠራም። እሱ ግን «ልጁ ተናግሯል» አለ፤ ሌላ አልጨመረም። የቁልፍ መያዣውን ከኪሱ አውጥቶ የአውሮፕላኗን ቁልፍ ከቀለበቱ መፍታት ጀመረ። ቀለበቱ ጠንካራ ነው፤ በጥፍሩ ከፍቶ፣ አዙሮ፣ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ሽማግሌዎቹ ከአክብሮት የተነሳ አንገታቸውን ደፍተው ነበርና እጁን አላዩም። እኔ አየሁት። አልተንቀጠቀጠም።

ብዙም ሳይቆይ ከዊስኮንሲን አንድ ወጣት መጥቶ ገዛት። ጋሽ ሰይድ ከዋዜማው ጀምሮ አጥቧት ነበር። በሩ እንዴት እንደሚዘጋ ለሰውዬው ደጋግሞ አሳየው። ሀያት ከመኪና አልወረደችም። አውሮፕላኗ ስትነሳ ጋሽ ሰይድ እስክትጠፋ አላያትም፤ ጀርባውን ሰጥቶ ባዶውን ሃንጋር መጥረግ ጀመረ። እኔ መጥረጊያውን ልቀበለው እጄን ዘረጋሁ። «ተወው» አለኝ። በቁጣ አልነበረም። ቢቆጣ ምንኛ በቀለለኝ!

እኔስ ከዚያ ተማርኩ? አልተማርኩም። ሌክ ስትሪት ላይ ወጣቶች በሚሰበሰቡበት ካፌ «ያንን የአውሮፕላኑን አንብብልን» ሲሉኝ ተነስቼ አነበብኩ። በዚያን ጊዜ ተሽጣ ነበር። እያነበብኩ እንደገና ሸጥኳት።

ልጅ ነበርኩ አልልህም፤ ጢም ነበረኝ። ለአክስቴ ደህንነት ብዬ ነው አልልህም፤ በዚያች ሰዓት አክስቴ ትዝ አላለችኝም። እኔ ባልዋሽም ትሸጥ ነበር አልልህም፤ ይህን አላውቅም፣ እንዳላውቅም ያደረግኩት ራሴ ነኝ። ግጥም የራሱ እውነት አለው የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ይበሉ። ሃጂ ኑሩ የጠየቁኝ ግን ስለ ግጥም አልነበረም። ይህንንም የምጽፈው በአማርኛ ነው፤ ልታነበው የሚገባት ልጅ ደግሞ አማርኛ ማንበብ አትችልም። ይህም አንድ መደበቂያዬ መሆኑን አውቀዋለሁ።

ባለፈው ክረምት፣ በረዶው በመንገዱ ዳርና ዳር በተከመረበት ሰሞን፣ ሀያትን ከትምህርት ቤት ወደ ቤት አደረስኳት። አድጋለች። መብረር ልትማር ፈልጋ እናቷ እምቢ ብላታለች፤ «አባትሽ እንኳ እጁ የከዳው ነገር ነው» እያለች። መኪናዬን በራቸው ላይ አቆምኩ። ሀያት አልወረደችም። በእንግሊዝኛ ጀመረች።

«ሞተሩ የምር ጠፍቶ ነበር?»

«ለምን ጠየቅሽኝ?»

«አባዬን ጠየቅኩት። ኢብሮን ጠይቂው አለኝ።»

ይህን ሁሉ ጊዜ ጠብቆኛል ማለት ነው። አንድም ቀን ሳይወቅሰኝ፣ ለልጁ እንኳ ሳይነግር፣ እኔው እንድናገረው ቦታውን ትቶልኛል። ማሞቂያው ይነፍሳል። በሳሎኑ መስኮት የአክስቴ ጥላ ወዲያና ወዲህ ይላል። እውነቱ አፌ ውስጥ ነበር።

«ግጥም እኮ ነው ሀያት» አልኳት።

ዞራ አየችኝ። ከዚያ በአማርኛ፣ ቃል በቃል እየፈለገች፣ «ግጥሙን አይደለም የጠየቅኩህ» አለችኝ። «አባቴን ነው።»

አፌን ከፈትኩ። «ቦርሳሽን እንዳትረሺ» አልኳት።

ቦርሳዋን ይዛ ወረደች። በሩን አልወረወረችውም። ገፋ አደረገችው፤ ከዚያ መያዙን በእጇ ሞከረችና ሄደች።