በሊጥ የተሸፈነችው ዶሮ

ባለፈው እሑድ የልጅ ልጄ ማርታ ልትጠይቀኝ ከደብረ ብርሃን ወደ መሐል ሜዳ መጣች። ከቅዳሴ ስመለስ ስልኳን ግድግዳ አስደግፋ፣ እጅጌዋን ሰብስባ ዱቄት ታሻለች።

«ምን ልታበይን ነው?» አልኳት።

«የዶሮ ፓይ፣ አባባ። በጣም ቀላል ነው፤ በቤት ውስጥ በቀላሉ የሚሠራ ይላል።»

ቀላል ይላል! ጋቢዬን ተከናንቤ በሩ ላይ ተቀመጥኩ። እኔ ይህንኑ ነገር የሠራሁት ንጉሡ በዙፋናቸው ሳሉ፣ በኩበት እሳት፣ ማንም ሳያሳየኝ ነው። ከእኔ በፊት በመንዝ ምድር የሠራ ሰው ካለ ይምጣና ይንገረኝ። በዚያች ዶሮ ሰበብ ያጣሁትን ግን ይኸው እስከ ዛሬ አልተካሁትም።

ስለ ራሴ ጥቂት ልናገር፤ ሌላ የሚናገርልኝ የለም። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ንባብ የለመድኩት በጎረቤታችን ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ አሮጌ ጋዜጣ ነው። ጋዜጣው ተገልብጦ ስለተለጠፈ ዛሬም ድረስ ጽሑፍ ቢዘቀዘቅ አይቸግረኝም። ሬዲዮ ፈትቼ ገጥሜአለሁ፤ የቤቴን ግንብ ራሴ ክቤአለሁ። እናቴ በልጅነቴ ስለሞተች ወጥም እሠራ ነበር። «ማጀት ገብ» እያሉ የሚያሾፉብኝ ጎረምሶች ቤታችን ሲመጡ ግን ድስቱን በእንጀራ ጠርገው ነበር የሚሄዱት።

በመርሐቤቴ በኩል መንገድ ሲቆረጥ ለሠራተኞቹ በአህያ ውኃ አመላልስ ነበር። እዚያ ነው ያየሁት። የካምፑ ወጥ ቤት ዶሮ ቀቅሎ፣ ሥጋውን ከአጥንቱ ለይቶ፣ በሽንኩርትና በቅቤ አገላብጦ፣ ከላይም ከታችም ሊጥ አልብሶ ለኢንጂነሩ ጋገረለት። በድንኳኑ ቀዳዳ አንድ ጊዜ ነው ያየሁት። ለእኔ አንድ ጊዜ በቂ ነው።

ያን ጊዜ ልቤ ከወንዝ ማዶ ነበር፤ አስካለ ዘንድ። አስካለ የአያ ገብሬ ልጅ ናት። ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ትሸፍናለች፤ ዓይኖቿ ግን ከነጠላው በላይ ይስቃሉ። ታቦት በወጣ ቁጥር ከሰው ነጠል ብለን እናወራለን። እሷም ፈቅዳኛለች። አባቷ ግን ቆፍጣና፣ ክብራቸውን እንደ ዓይናቸው ብሌን የሚጠብቁ ሰው ናቸው። መምሬ ኃይሌ፣ የነፍስ አባታችን፣ ለሽምግልና ሄደው ሲመለሱ «እሺም እንቢም አላሉ። ቤታችሁን ሊያዩ ከገና በኋላ ይመጣሉ» አሉን። በእኛ አገር የልጅቷ አባት ቤት ሊያይ ሲመጣ የሚያየው ጣራውንና ጎተራውን ብቻ አይደለም። እንዴት እንደተቀበሉትም ያያል። የእኔና የአስካለ ነገር በዚያ አንድ ማዕድ ላይ ተንጠለጠለ።

ኅዳር ላይ ፈንግል ገብቶ የመንደሩን ዶሮ ፈጅቶት ነበር። ለእኛ የተረፈችን አንዲት ቀይ ዶሮ ናት። በግ በእርግጥ አለን፤ መንዝ ተወልዶ በግ የሚያጣ ማን ነው? ለአማች ግን ዶሮ ሳያቀርቡ በግ ማቅረብ ነውር ነው። ሁለት ሰው ይመጣል ያልነው እንግዳ በዋዜማው ስድስት እንደሆነ ተሰማ።

«ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች መጥታ ወጧን ትሥራት» አለ አባቴ።

«አባዬ፣ ለስድስት ሰው አንዲት ዶሮ በወጥ ምን ትሆናለች? ለእኔ ተዋት። ሁሉም ጠግቦ፣ እስኪሞት የሚያወራውን ነገር አበላዋለሁ።»

አባቴ አየኝና «አንተ ካልክ» አለ። ያምነኝ ነበር፤ እንዴት አያምነኝ?

በማግስቱ ውርጩ ሜዳውን ነጭ አድርጎት አደረ። የገብሱ ገለባ ከእግር ሥር እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። ዶሮዋን አርጄ፣ ገንጥዬ፣ በሎሚና በጨው ሰባት ውኃ አጠብኳት። ቀቅዬ አጥንቷን አንድ በአንድ አወጣሁ። ሥጋዋን ተልትዬ ከቀይ ሽንኩርት፣ ከለጋ ቅቤ፣ ከኮረሪማና ከጥቂት በርበሬ ጋር አዋሐድኩት። የስንዴውን ሊጥ ምጣድ ላይ ዘረጋሁ፤ ሥጋውን አፈሰስኩበት፤ በሌላ ሊጥ ከድኜ ዳሩን በጣቴ ሰፋሁት። ከቆላ በመጣ ኮባ አልብሼ እንደ ድፎ ከላይም ከታችም የኩበት ፍም አደረግኩለት። ሽታው ከቤት አልፎ እስከ መንገዱ ወጣ። ሲወጣ መልኩ እንደ በሰለ ገብስ ማሳ ነበር። በሕይወቴ ብዙ ነገር ሠርቻለሁ፤ እንደዚያ ያማረ ግን አልሠራሁም።

እንግዶቹ የበግ ጠጉር ባና በተነጠፈበት መደብ ላይ ተቀመጡ። ጠላ ተቀዳ። እኔው ቆርሼ እኔው አደልኩ፤ ለአያ ገብሬ፣ ለወንድማቸው ለአያ ሽፈራው፣ ለመምሬ፣ ለሌሎቹም፣ በሩ ሥር ለተቀመጠው ለበቅሎ ጠባቂያቸውም። ለሁሉም እኩል።

አያ ገብሬ ቁራሻቸውን በጣታቸው ገለጥ አድርገው አዩት።

«ይቺ ዶሮ ናት?»

«ዶሮ ናት፣ አያ» አልኩ እንደቆምኩ።

«ፈረሰኛዋስ የታለች?»

ለማያውቅ ልንገር። ዶሮ በአሥራ ሁለት ብልት ነው የምትገነጠለው፤ ብልቱ ሁሉ ባለቤት አለው። ፈረሰኛ የሚባለው የደረቷ ብልት የቤቱ ጌታ ድርሻ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ የትልቁ እንግዳ። ክንፍና አንገት ለማን እንደሚሰጥ ሕፃን ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር፤ አባቴም፣ መምሬም ያውቁ ነበር። ያን ቀን ግን ከመካከላችን ትዝ ያለው የለም። ሽታው ነበር ሁላችንን የያዘን።

«ሁሉም ጋ ደርሳለች፣ አያ። ሥጋው ተቀላቅሏል» አልኩ።

አያ ሽፈራው በሳቅ ፈነዱ። «እሰይ! እንግዲያስ ዛሬ ሁላችን ጌቶች ነና! እኔም ፈረሰኛ በላሁ፣ በቅሎ ጠባቂያችንም ፈረሰኛ በላ!»

እንግዶቹ ሳቁ። በቅሎ ጠባቂው ጉንጩን እንደሞላ ደነገጠ። አያ ገብሬ አልሳቁም።

«እኔ ለማን አስቀመጣችኋት ነው የምለው። ከእኔ የሚበልጥ እንግዳ ከኋላ አለ?»

አባቴ ብድግ አለ። «በታቦቱ ይዤዎታለሁ፣ አያ ገብሬ! እርስዎን ማን ይበልጥብናል? ልጅ ነው፤ አዲስ ነገር ላበላ ብሎ ነው።»

«ገና ልጅ ከሆነ ሚስት ምን ያደርግለታል?»

«ኧረ መጀመሪያ ቅመሱት» አሉ መምሬ።

አያ ገብሬ ቁራሹን ገበታው ላይ መልሰው አኖሩት። ከዚያ ያልበሉበትን እጃቸውን ዘርግተው የእጅ ውኃ ጠየቁ። ያፈሰስኩላቸው እኔ ነኝ። የታረደላቸውን በግ ሳይቀምሱ፣ ቤቱን ሳይመርቁ ወጡ። ወንድማቸው ግን ሁለተኛ ቁራሽ ጨርሰው፣ ጣታቸውን እየላሱ ነው የተከተሏቸው።

መምሬ ሁለት ጊዜ ተመላለሱ። አባቴ ሙክት ላከ፤ ሙክቱ ተመለሰ። የመጣው ቃል ይህ ነው፦ «እኔን በቦታዬ ያላስቀመጠ ቤት ልጄንም በቦታዋ አያስቀምጣትም።»

አስካለን ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋት በጥር ማርያም፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጥግ ነው።

«ለግሼ ሰው ሊሰጡኝ ነው» አለችኝ። «ምንድን ነው ያበላሃቸው?»

«ዶሮ፤ በዳቦ ውስጥ።»

«አጎቴ ስለ እሱ ማውራት አላቆመም። እንደዚያ ይጣፍጥ ነበር?»

«እንደዚያ የሚጣፍጥ ነገር በልተሽ አታውቂም።»

«አልበላሁማ» አለች። ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች፤ ያን ቀን ግን ዓይኖቿ አልሳቁም።

ከዐቢይ ጾም በፊት ዳሯት። ሰርገኛው በሸንተረሩ ሲያልፍ ከበሮው ቤታችን ድረስ ይሰማ ነበር። ገብስ እየወቃሁ ነበርና አላቆምኩም። ከዓመታት በኋላ ዘመሮ ገበያ ከአንድ የግሼ ራቤል በግ ነጋዴ ጋር ስከራከር፣ እግረ መንገዴን ስለ እሷ ጠየቅኩት።

«ያቺ የመንዟ? አርፋለች እኮ፤ በወሊድ ነው» አለኝ፤ በጉን ጆሮውን እንደያዘ። «ዓመት አልፏታል። ትወስደዋለህ ወይስ አትወስደውም?»

በጉን ወሰድኩት። ወደ ቤት እየነዳሁት ያን ያለፈውን ዓመት አሰብኩ። ሳቅሁበት፣ ዘራሁበት፣ በየበዓሉ በግሼ በኩል የሚመጣ ሰው ባየሁ ቁጥር ልቤ ደንገጥ አለ። ያኔ ሁሉ እሷ አፈር ውስጥ ነበረች። በኋላ ሚስት አገባሁ፤ ደግ ሴት ነበረች፤ ልጆች ወለድን። አንድም ቀን ግን ዶሮ በሊጥ ሸፍኜ አልሠራሁላትም።

ማርታ ፓይዋን አውጥታ ቆረሰች። የቤቱ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ነበርና ለቅርቡ ቀድማ፣ ለሩቁ አስከትላ ሰጠች። ለእኔ ሦስተኛ ደረሰኝ።

«ፈረሰኛው ለማን ሆነ?» አልኳት።

«ምኑ?»

«የዶሮዋ ፈረሰኛ።»

ትንሽ አሰበችና ትከሻዋን ነቀነቀች። «ከሱቅ የገዛሁት ሥጋ ነው፣ አባባ። ሁሉም ደረት ነው። ብላ እንጂ፣ ይቀዘቅዝብሃል።»

ሳህኑን ይዤ ቀረሁ። አስካለን የነጠቀኝ ሥርዓት ማንም ሳያለቅስለት ሞቷል፤ ከእሷ በፊት መሞት ግን አልቻለም። አያ ገብሬን እንዳልቆጣቸው እሳቸውም የሉም። አባቴም፣ መምሬም፣ ያ ሳቂታው አያ ሽፈራውም አልፈዋል።

ቀመስኩት። ጨው ይጎድለዋል፤ ሊጡም ወፍሯል። የእኔ እጅግ ይበልጥ ነበር። ይህን የሚመሰክርልኝ ግን ዛሬ በምድር ላይ አንድም ሰው የለም።