ለትንፋሽ የተውኩት ቦታ

አባቴ ቤት ውስጥ ፍሉት ስነፋ በሰማኝ ቁጥር «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ይለኝ ነበር።

በእኛ ሰፈር፣ ከሚዛን ተፈሪ ወጣ ብሎ፣ ሽማግሌዎች ዜማ ለብቻቸው አይነፉም። እያንዳንዱ አንድ ቀርከሃ ይይዛል፤ አንዱ ቀርከሃ ደግሞ አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው። ተራህ ሲደርስ ነፍተህ ዝም ትላለህ። ዜማው የሁሉም ነው፤ ቦታውን ባዶ የሚተው ሰው ወይ ታሟል ወይ ተጣልቷል። እኔ ግን አዲስ አበባ ጃዝና ፋንክ ተምሬ፣ ድምፁን ሁሉ በአንድ የብረት ዋሽንት ጠቅልዬ መጣሁ።

ቤዝ ጊታር፣ ኪቦርድ፣ ድራምና እኔ ሆነን ባንድ አቋቋምን። በየሠርጉና በየሆቴሉ ግቢ፣ ሸኮ ድረስ ሳይቀር ተጫወትን። «ዘፋኙ የት ቀረ?» የሚሉን ቢኖሩም ሰው ይጨፍርልን ነበር። አባቴ ግን አንድም ቀን መጥቶ አልሰማኝም። የዚያ ሁሉ ሰው ጭብጨባ የእሱን አንዲት «ጎሽ» አያህልልኝም ነበር።

አንድ ዓመት ቡና ተለቅሞ እንዳለቀ ቴፒ ሜዳ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ ተጫወትን። አባቴ እዚያው የዘመድ ሠርግ ላይ ሲነፋ ሰንብቶ ነበርና እናቴ እየጎተተች አመጣችው። ከፊት ተቀመጠ፤ በዚያ ሙቀት ኮቱን እንኳ አላወለቀም። ብቻዬን የምነፋበትን ሶሎ ጀመርኩ። ቤዙ አንዱን ሐረግ ይደጋግማል፤ እኔ በየዙሩ መጨረሻ ትንፋሽ ለመሳብ ትንሽ አቆማለሁ። ባቆምኩ ቁጥር አባቴ ወንበሩ ላይ ይቁነጠነጣል። አልወደደልኝም ብዬ ወሽመጤ ቁርጥ አለ።

በሚቀጥለው ዙር ትንፋሽ ልስብ ስል፣ «ቡው!» የሚል ወፍራም ድምፅ ሰማሁ። አባቴ ቆሟል፤ ከኮቱ ሥር ያወጣው ቀርከሃ ከንፈሩ ላይ ነው። ለእሱ ያ ክፍተት የሰው ቦታ ነው፤ ባዶውን ሲያልፍ ማየት አላስቻለውም። ድራመራችን በሳቅ ሊወድቅ ምንም አልቀረው፤ ምቱን ግን አልለቀቀም። በሚቀጥለውም ዙር አባቴ ልክ በሰዓቱ ገባ። ሜዳው በጭፈራ ተነሣ። ፍሉት ደግሞ እየሣቁ አይነፋም፤ ከንፈር ይሸሻል። እኔም ከደስታዬ ብዛት ግማሹን ዜማ በላሁት።

ከመድረክ ስወርድ «ጎሽ» ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ። አላለኝም። በነጋታው ወደ ሚዛን ስንመለስ፣ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቡ ለተቀመጠ ለማያውቀው ሰው በአገጩ ወደ እኔ እያመለከተ፣

«ልጄ ነው» አለው። «ከእኔ ጋር ነው የሚነፋው።»