የወልደዮሐንስ የመስቀል ክትፎ

ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ ሰፈር ሱቅ ያለው ወልደዮሐንስ በመስቀል ጉራጌ አገሩ ሳይገባ ቀርቶ አያውቅም ነበር። ዘንድሮ ግን መንገዱ ስላላስተማመነው እዚያው ነቀምቴ ቀረ። በበዓሉ ዕለት ሱቁን ዘግቶ፣ የቆዳ ቀበቶውን በሩ ላይ አስሮ ወጠረና የክትፎ ቢላዋውን ጀርባውን እያስቀደመ፣ እያገላበጠ አመላለሰበት። አገር ቤትም ቢላዋ የሚስለው እሱ ነበር። ሥጋውን አድቅቆ ከትፎ ኮባ ላይ ሲያደርገው ስልኩ ጮኸ፤ እህቱ ሃሌሉያ ናት። ከኋላዋ የቤተዘመዱ ሳቅ ይሰማል።

«ወንድም ጋሼ፣ ቢላዋው ደንዞ አሳራችንን አበላን እኮ! አንተስ ከማን ጋር ዋልክ?»

«ከጎረቤቶቼ ጋር ነኝ፤ ቤቱ ሞልቷል» አላት።

ስልኩን ዘግቶ ለብቻው ተቀመጠ። በደጅ ሰዎች በኦሮምኛ «አካም ጂርታ!» እየተባባሉ፣ ደኅንነት እየተጠያየቁ ያልፋሉ። ቢጠራስ ማንን ይጥራ? አንዴ ጎረሰና ኮባውን መልሶ አጠፈው።