ፍራሽ የጫኑባት መኪና

የበደለኝ የባሌ ታላቅ ወንድም ነው። የበደለኝም የመጀመሪያ ልጄን በዳርኩበት ቀን፣ ገና ቀትር ሳይሆን፣ ከሚሴ ውስጥ በገዛ ደጄ ላይ ነው። ስሙን አልጽፍም፤ የሚያውቀው ያውቀዋል። ዛሬም በሕይወት አለ፤ ጤነኛ ነው፤ መነጽሩን ካደረገ ማንበብም ይችላል።

ያን ቀን መኪናዬን ራሴ አጥቤ፣ ኮፈኗ ላይ ነጭ ጥብጣብ አስሬ፣ ከበሩ ፊት ለፊት አቁሜያት ነበር። ነጭ ዲኤክስ ናት፤ ከባሌ የቀረችልኝ። ባሌ የመሥሪያ ቤት ሹፌር ነበር። ዕድሜውን ሙሉ የሌላ ሰው መኪና ሲነዳ ኖሮ በመጨረሻ የራሱን ገዛ፤ ገዝቶም ብዙ ሳይነዳት ሞተ። እኔን መንዳት ያስተማረኝ እሱ ነው፣ ጨፋ ሜዳ ላይ፣ ማሽላው ተነሥቶ ከብት በሚለቀቅበት ወቅት። «ላም ስታዪ ጥሩምባ አትንፊ፤ ዝም ብለሽ ቁሚላት» ይለኝ ነበር። እሱ ከሞተ በኋላ በእሷ ጨርቅ እየጫንኩ ሰንበቴ ገበያ እመላለሳለሁ። ለአፋሮቹ ሽርጥ፣ ከደጋ ለሚወርዱት ሻሽና አቡጀዲ እሸጣለሁ። ሁለት ልጆች ያሳደግሁት በእሷ ነው። ልጄ ከቤቴ ስትወጣ በእሷ እንድትወጣ የፈለግሁት ለዚህ ነው፤ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

አባቷ ስለሌለ ኒካሁን የሚያስረው አጎቷ ነው። ይህ የእሱ ሐቅ ነው፤ አልከራከርም። እሱ ግን ከኒካሁ ጋር መኪናውም፣ ደጁም፣ እኔም የተሰጠነው መሰለው። ከደሴ ጥቁር መኪና ተከራይቶ መጣ። ወርዶ የእኔን ከጎማዋ እስከ ጣሪያዋ አያትና፣ ሽማግሌዎች በቆሙበት፣

«ሙሽራ የምትጭነው ይቺ ናት?» አለ። «ኧረ በነብዩ! ሰው ምን ይለናል? ይቺ ቆርቆሮ ፍራሹንና ብረት ድስቱን ትጫን። ከኋላ ትከተል።»

ሳቁ። ጥብጣቡን በገዛ እጁ ፈትቶ ጥቁሩ መኪና ላይ አሰረው። ቁልፉን ከእጄ ወስዶ ለአንድ ዘመዳቸው ሰጠው። በእኛ ዘንድ የሙሽራ እናት ልጇን አትሸኝም፤ እቤት ትቀራለች። ስለዚህ ከደጄ ቆሜ ልጄ በሰው መኪና ስትሄድ፣ የእኔዋ ደግሞ ፍራሽ ተሸክማ ከአቧራው ኋላ ስትከተል አየሁ። ሲመለሱ የአልጋው ብረት የቀኝ በሯን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቧጥጦት ነበር። ይቅርታ ያለኝ ሰው የለም። እኔም ምንም አላልኩም። ዝም ማለቴን እንደ ይቅርታ ቆጠረው። የእሱ ስህተት ነው።

ሁለተኛዋ ልጄ ያኔ ተማሪ ነበረች። ይቺ ልጅ ከዚህ ቤት የምትወጣው በዚችው መኪና፣ ከሁሉም ፊት ሆና ነው ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ። ለልጅቷም እንኳ አልነገርኳትም።

ከሚሴ ውስጥ መኪና አሳመረ የሚባለው በየመስታወቱ ተለጣፊ የለጠፈ፣ ዘርፍ ያንጠለጠለ፣ የፕላስቲክ አበባ የደረደረ ነው። ባጃጆቹን ማየት ይበቃል። እኔ ያንን ባደርግ እሱ የሚለውን አውቃለሁ፤ አሮጊቷ ባጃጅ አማራት ይላል። እኔ የፈለግሁት የሚያያት ሰው ምኗ እንደተለወጠ ሳያውቅ ዞር ብሎ እንዲያያት ነበር።

በበሩ ጀመርኩ። ቀለም ቀቢው ጭረቱን ሞልቶ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ፣ ነጭ ቀባውና ጠራኝ። ሳየው በሩ ከሌላው አካሏ ተለይቶ እንደ አርቴፊሻል ጥርስ ያበራል።

«ነጭ አላልሽኝም?» አለ።

«ነጭ አንድ ነው ያለህ ማን ነው?»

ዕድሜዬን ጨርቅ ስሸጥ የኖርኩ ሴት ነኝ። የናይለን ነጭ አለ፣ የጥጥ ነጭ አለ፣ ብዙ ታጥቦ ፀሐይ የበላው ነጭ አለ። እቤቴ ካለው አሮጌ አቡጀዲ ቁራጭ ቀድጄ ኮፈኗ ላይ አስተያየሁትና፣ ልክ ሲሆን ወስጄ ሰጠሁት። «ይህን አስመስል» አልኩት። ሦስት ጊዜ አስደገምኩት። በሦስተኛው ተናዶ፣ «እትዬ፣ እንግዲህ አንቺው ቀቢው!» ብሎ ብሩሹን ወረወረ፤ ቆይቶ ግን ራሱ አነሣው። ዛሬ የትኛው በር እንደተቀባ ከእሱና ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም።

የወንበሩን ልብስ ራሴ ቆርጬ ሰፋሁት፤ ጥቁር ግራጫ፣ ስፌቱ ወደ ውስጥ የተመለሰ፣ አንድም አበባ የሌለበት። መሪዋን ከሰንበቴ ባመጣሁት የለፋ የፍየል ቆዳ አለበስኩት። ጎማዎቿ መሐል ላይ ያሉትን የዛጉ ክዳኖች አስነቅዬ አሳጠብኩ፤ ሲጸዱ ከታች ያለው ብር መሳይ መልካቸው ወጣ፤ ሌላ አላስፈለጋቸውም።

ከዚያ ወደ ድምፁ ዞርኩ። ከመናኸሪያው አጠገብ ራዲዮ የሚጠግን በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው አለ። ምን እንደምፈልግ ሳልጨርስ እሱ ጀመረ።

«ሁለት ትልልቅ ባስ ኋላ ላይ ልደርድርልሽ እትዬ። ሐርቡ ድረስ ይሰማል።»

«ሐርቡ ያለ ሰው ምን አገባው? የምቀመጠው እኔ ነኝ።»

«ሰማያዊ መብራትስ?»

«ሁለት መብራት አላት፣ ፊቷ ላይ። ይበቃታል።»

የምፈልገው ይህ ነበር፦ አሮጌው የካሴት ማጫወቻ ካሴቱን እንደነከሰ እቦታው ይቆይ፤ ፍላሽ የሚያነበው አዲሱ ከፊት ለፊቱ መሳቢያ ውስጥ ይደበቅ፤ እስፒከሮቹ በሮቹ ውስጥ ከነባሩ ሽፋን ኋላ ይግቡ፤ አንድ ትንሽ ደግሞ ከወንበሬ ሥር ትሁን። «ማንም ካላየው ምን ይጠቅምሻል?» አለኝ። ቀብዱን ቆጥሬ ሰጠሁት።

ሠርቶ ሲጨርስ በሚጮህ ዘፈን ሞከረው። ደስ አለው። የራሴን ፍላሽ ሰጠሁት። የገጠር መንዙማ ነው፤ አንድ ሽማግሌ፣ አንድ ድቤ፣ የሰዎች ጭብጨባ። ድቤው ሲመታ በሩ ተንጫጫ። ዘፈን ላይ ይህ አይሰማም፤ ጩኸቱ ይሸፍነዋል። መንዙማ ላይ ግን ከአንዱ ምት እስከ ሌላው ዝምታ አለ፤ በዚያ ዝምታ ውስጥ የበሩ ቆርቆሮ ሲርገበገብ ይሰማል።

«ቆርቆሮ ነው እንግዲህ» አለ። «ቆርቆሮ ይንጫጫል።»

ቆርቆሮ የሚለውን ቃል ስሰማ ምን እንደተሰማኝ እሱ አያውቅም።

መላውን ያገኘሁት ሰንበቴ ነው። ከደጋ የሚወርዱ ነጋዴዎች ባና ያመጣሉ፤ ከበግ ፀጉር የሚሠራ ወፍራም ብርድ ልብስ። ከጎኔ የሚሸጥ ሰው ነበር። ባናው በተቆለለበት በኩል የገበያው ጩኸት እንደሚሞት ለዓመታት አስተውያለሁ። አንድ ባና ወሰድኩ፣ በበሮቹ ልክ ቆረጥኩ፣ ከሽፋኑ ኋላ ጠቅጥቀን ዘጋነው። ድቤው ሲመታ ድቤ ብቻ ተሰማ። ያን ዕለት ከከሚሴ ሰንበቴ ሄጄ ያለ ምንም ጉዳይ ተመለስኩ።

ክረምቱ ሲገባ ነገሩ ተገለበጠ። የመኪና በር በመስታወቱ ላስቲክ በኩል ውሃ ያስገባል፤ ከታች ባሉት ቀዳዳዎች ይወጣል። እኛ ቀዳዳዎቹን በባና ደፍነናቸዋል። ባናው ጠጣ፤ ከዚያ የከሚሴ ፀሐይ አፈላው። መኪናዬ የረጠበ በግ ሸተተች። ይህን ያገኘው ደግሞ ከሰው ሁሉ ያው የባሌ ወንድም ሆነ። ገበያ መሐል ቆሜ ሳለ አንገቱን በመስኮቱ አስገባና፣

«የወንድሜ ሚስት፣ በግ ጭነሻል እንዴ? አረፋ ገና ነው ኮ!» አለ፤ አካባቢው እስኪሰማ።

ክረምቱን ሙሉ የኦሮምኛ የማለዳ ሰላምታው ይኸው ሆነ፤ «አካም ቡልቴ፣ በጊቱስ ደህና አደረች?» ይለኛል። «አልሐምዱሊላህ፣ ሰላም ትልዎታለች» እለዋለሁ።

ስህተቱ የእኔ ነበር፤ ሌላ ሰው ላይ አላላክክም። ባናውን አውጥቼ አጠብኩ፣ ጣሪያ ላይ አደረቅሁ፣ እያንዳንዱን ቁራጭ ሸቀጤን ከዝናብ በምሸፍንበት ላስቲክ ሰፋሁበት፣ ከበሩ ታች አንድ ስንዝር አስቀርቼ መለስኩት። ቀዳዳዎቹን በሽቦ ከፈትኳቸው። ከዚያ ወዲህ ስንት ክረምት አልፏል፤ አንድ ጠብታ አልያዘችም። ራዲዮ ጠጋኙ ዛሬ ለሌሎች መኪኖች እንዲህ አድርጎ ይሠራል። ከማን እንደተማረው አይናገርም። እኔ ተናግሬያለሁ።

አንድ ቀን ሰንበቴ ለቅሶ ነበር፤ ሚኒባስ ጠፋ። የባሌ ወንድም አማራጭ ስላጣ ከጎኔ ገባ። ከከተማው ወጥተን ማሽላው በግራና በቀኝ ሲጀምር መንዙማውን ዝግ አድርጌ ከፈትኩት። ወሬውን አቋረጠ።

«ራዲዮ ነው?»

«አይደለም።»

«ካሴቱ ነው?»

«ካሴቱ ቆሟል፤ ይዩት።»

ጣቱን ካሴት ማጫወቻው ላይ አደረገ። ጆሮውን ወደ በሩ አስጠጋ። ቀጥሎ፣ እንዲህ ሲያደርግ አይቼው አላውቅም፣ ዞር ብሎ ኋላ ወንበሩን አየ።

«ሱብሃነላህ» አለ። «ሰውየው ኋላ የተቀመጠ ነው የሚመስለው።»

ሰንበቴ እስክንደርስ ጆሮውን ከበሩ አላነሣም። ይህ ለእኔ በቂ በሆነ ነበር። ግን ሳምንት ሳይሞላ ከተማው ውስጥ ያወራውን ሰማሁ፤ «ያቺን መኪና እንዲህ አድርጊያት ያልኳት እኔ ነኝ» ብሏል።

የሁለተኛዋ ልጄ ሰርግ ሲደርስ እቤቴ መጥቶ ተቀመጠ።

«ዘንድሮ ኪራይ የለም» አለ። «ያንቺዋ ፊት ትሆናለች።»

ለአንድ አፍታ ያመሰገንኩት ይመስለኛል።

«ቁልፉን ዓርብ ትሰጪኛለሽ። እኔ ነኝ የምነዳው።»

«ቁልፍ አልሰጥም ጋሼ።»

«ታዲያ ማን ሊነዳ ነው?»

«ሁልጊዜ የምትነዳት።»

«እናት ልጇን አትሸኝም። ይህንን እኔ ላስተምርሽ?»

እውነቱን ነበር፤ ያናደደኝም እሱ ነው። በማግስቱ ያው ያኔ የሳቁትን ሽማግሌዎች ይዞ መጣ። ከመካከላቸው በዕድሜ ትልቁ አባት በትካዜ፣ «ልጄ፣ ወጉን ታውቂዋለሽ፤ ምን እናድርግሽ?» አሉኝ።

«አባቴ፣ እናቲቱ አትሄድም» አልኳቸው። «የምሄደው እንደ ሹፌር ነው። ባሌ ስንቱን ሰው ደጅ አድርሶ ሲመለስ ኖሯል። እኔም ከመኪናዬ አልወርድም፣ ደጃፋቸውን አልረግጥም፣ ድግሳቸውን አልበላም። አድርሼ እመለሳለሁ።»

«ስታለቅስ ገደል ትከተናለች!» አለ እሱ።

ትልቁ አባት ሳቅ አመለጣቸው። «አንተ ሰው፣ ከዚህ እስከ ሙሽራው አገር ጨፋ የቱ ጋ ነው ገደሉ?»

ሁሉም ሳቁ። ያኔ በእኔ የሳቁት አፎች ናቸው፤ እያንዳንዳቸውን ለይቼ አየኋቸው። ሳቁ ሲያበቃ ትልቁ አባት፣ «ከመኪናዋ ካልወረደች ወጉ አልፈረሰም» ብለው ፈረዱ። «አሰላለፉንም እሷው ታውጣው። ፊት የምትሄደው የእሷ ናት።»

የሰርጉ ቀን ኒካሁ እቤቴ ታሰረ፤ አጎቷ አሰረ፤ ሐቁ ነው። ጥብጣቡን ኮፈኗ ላይ ራሴ አሰርኩ። ልጄን ኋላ አስቀመጥኩ፣ ሚዜዎቿን በግራና በቀኝ። እሱ ከጎኔ ያለውን በር ሊከፍት እጁን ሲሰድ ቆልፌው ነበር። በመስኮቱ አጮለቀ።

«እኔስ የት ነኝ?»

«መጨረሻ ያለችው ፒካፕ ላይ ጋሼ» አልኩት። «ፍራሹን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል።»

መንዙማውን ከፈትኩ። ጨፋ ድረስ በእርጋታ ነዳሁ። አንድ ቦታ ላሞች መንገድ ሲያቋርጡ ቆምኩላቸው። ከኋላዬ ያሉት ሁሉ ቆሙ።

«ሃዳ፣ አታለቅሺም አይደል?» አለችኝ ልጄ፤ እናቴ ማለቷ ነው።

«መንገዱን እያየሁ ነው» አልኳት።

ከሙሽራው ደጅ ስደርስ አቆምኩ። ሞተሩን አላጠፋሁም። ልጄን አወረዱልኝ። ወደ ቤቱ ገብታ እስክትጠፋ በመስታወቱ አየኋት፣ መኪናዬን አዞርኩ፣ በመንገዱ ላይ ፒካፑን አገኘሁት፣ መብራት አላበራሁለትም፣ አለፍኩት። እቤቴ ገብቼ አቧራዋን አጠብኩ። በማግስቱ የሰንበቴ ገበያ ነበር። ጨርቄን ጫንኩና ሄድኩ።