የምስር ክታብ

የሻረግን የማያውቅ የስማዳ ሰው ካለ ወጡን ያለ ቅመም የሚበላ መሆን አለበት። ኮረሪማውን፣ ጥቁር አዝሙዱን፣ በርበሬውን በጀርባዋ አዝላ ከወገዳ እስከ መካነ ኢየሱስ ሁለት ቀን በእግሯ ትሄዳለች፤ ሸጣ ደግሞ ሁለት ቀን ትመለሳለች። ጉልበቷ እንደ አሮጌ በር ሲንቋቋ ከሩቅ ይሰማል። «የሻረግ መጣች፣ ጉልበቷ ቀድሟት ደረሰ» እያልን እንስቅባት ነበር። እሷም አብራን ትስቃለች፤ ግን ያማታል። ከዚህ ዓለም የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አህያ።

እኔ ቀለመ ወርቅ እባላለሁ። ቤተ ልሔም ድጓ ተምሬ ወገዳ መሪጌታ ሆንሁ፤ ለነጋዴም ደብዳቤ እጽፋለሁ። ምላሴ ትንሽ ትረዝማለች፤ የሚቆጣ ካለ ከአሁኑ ይቆጣ።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ጊዜ ነው። በዚያ ዘመን ደብዳቤ በተሰነጠቀ ዘንግ ላይ ተሰክቶ ይሄዳል። ሰም ይታተምበታል፤ ሰሙን ማን ይፈራዋል! መልእክተኛው ባደረበት ቤት ሁሉ «እስቲ ምን ይላል?» ይባላል። ፊደል የቆጠረ ዲያቆን መቼ ይጠፋል? ይነበባል፤ ሰሙም እሳት ዳር ሞቅ ሞቅ ብሎ ተመልሶ ይለጠፋል። ነጋዴው አቶ ደምሌ መካነ ኢየሱስ ለምትኖረው ሸሪኩ ለወይዘሮ ሐረገ ወይን «ምስር ሊወደድ ነው፣ ቶሎ ግዢ» ብሎ ሲልክ፣ ደብዳቤው ሳይደርስ የመንገዱ ገበሬ ሁሉ ምስሩን ጎተራ ከቶ ይጠብቃታል።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ደምሌ እኔን አማከረኝ። እኔም፣ አወይ ጉዴ፣ ብልህ የሆንሁ መስሎኝ «ክታብ አስመስለን እንስፋው» አልሁት። ክታብን ማን ደፍሮ ይከፍታል? ደብዳቤውን አጥፌ በቀይ ቆዳ ጠቀለልሁና በጅማት ሰፍቼ በየሻረግ አንገት አንጠለጠልሁት። ደምሌም ማለላት፤ «ዓመት ሙሉ ስፌቱ ሳይፈታ ካደረስሽልኝ አህያ እገዛልሻለሁ።»

አደረሰች። በየወሩ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ አለፈች፤ ማንም ጫፉን አልነካባት። አንድ ደብዳቤ ብቻ ቀረ። የሻረግ ለአህያዋ ስም አውጥታ ጨርሳ ነበር።

የመጨረሻውን ይዛ ሐሙስ ዕለት ከአንድ የእስቴ መንደር ስትደርስ፣ ጓዴ የሚባል ገበሬ ከግቢው ሮጦ ወጥቶ እግሯ ላይ ወደቀ። ሚስቱን ውብነሽን ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነው።

«እናቴ፣ በማርያም! ያንገትሽን ክታብ አውሽኝ!»

የሻረግ ክው አለች። «ኧረ የኔ ወንድም፣ ይሄ የመጋኛ ነው፣ ለምጥ አይሆንም!»

«መጋኛ ያስጣለ ምጥ ያቅተዋል?»

አውልቃ ሰጠችው። ውብነሽ ክታቡን በሁለት እጇ ጨብጣ ሳመችው፤ ትንሽ ቆይቶ ሴት ልጅ ወለደች። የሻረግ «እልል» ብላ ሳትጨርስ እጇን ወደ ክታቡ ላከች። አዋላጇ እጇን መታ አደረገቻት።

«ምን ነካሽ? ልጅቱ ክርስትና ሳትነሣማ ከአራሷ አንገት አይወርድም!»

የሴት ክርስትና በሰማንያ ቀን፤ ገበያው ደግሞ ከነገ ወዲያ! «የምስር ደብዳቤ ነው» ብትል የደምሌ ምስጢር ወጣ፤ ገና ደም ያልተመለሰባት አራስም ሰምታ ትደነግጣለች። በኋላ ስትነግረኝ «ስትስመው አየኋት፣ መሪጌታ። ምን ልበላት?» አለችኝ። ክታቡን እዚያው ትታ ሄደች።

መካነ ኢየሱስ ባዶ አንገቷን ደረሰች። ምስሩን ሌላ ነጋዴ ጠራርጎ ገዛው። ሐረገ ወይን የሻረግን አላምን ብላ «ደብዳቤ የሚባል አልተላከም፣ ደምሌ ለሌላ ሽጦኛል» አለች። ደምሌም የሻረግን «አደራ በላ!» ብሎ በገበያ መሐል ሰደባት። ያን ሰሞን ቀና ብላ አልሄደችም።

ከሰማንያው ቀን በኋላ ጓዴ አንድ ቅል ማር ይዞ ወገዳ መጣ። የሻረግን ፈልጎ አገኛት፤ እሷም ወደኔ ቤት አመጣችው። ደምሌም ሰምቶ እየሮጠ ደረሰ።

«የተዋስነውን መልሰናል፣ እግዜር ይስጥልን» አለ ጓዴ ክታቡን እየዘረጋ። «ግን እህቴ ወሯ ገብቷል። እባካችሁ አንድ ጊዜ ደግማችሁ አውሱኝ።»

«ሌላ እጽፍልሃለሁ» አልሁ ቶሎ ብዬ።

«የለም የኔታ! ይቺ የተፈተነች ናት።»

ደምሌ እኔንና የሻረግን ጎትቶ ከቤቴ ወደ ጓሮ አወጣን። የክታቡን ስፌት በጣቱ ዳበሰው። «አልተፈታም! ሰማንያ ቀን ሙሉ ማንም አልነካውም! የሻረግ፣ እንዲሁ እንደተሰፋ ለሐረገ ወይን ውሰጂልኝ። በዓይኗ አይታ ታምነኛለች። አህያዋን ነገ እገዛልሻለሁ፤ ቃሌ ቃል ነው።»

የሻረግ ክታቡን ከእጁ ተቀበለች። ከውስጥ ጓዴ ለባለቤቴ ልጁ እንዴት እንደምትስቅ ሲያወራ ይሰማል።

«መሪጌታ፣ ይፍቱት» አለችኝ።

«አበድሽ?» አለ ደምሌ።

«ምስሩን ያውጡና እውነተኛ ጸሎት ያግቡበት። ያን ጊዜ ማርያም ሸፈነችልን። ሌላ ሴት በምስር አላስምጥም።»

«አህያሽስ?» አልኋት።

«አህያዬማ ቀረች» አለችና አለቀሰች። እያለቀሰች ክታቡን መዳፌ ላይ አኖረችው።

ስንት ክታብ የጻፍሁ ሰው፣ ያን ቀን እንደ ጀማሪ ብዕሬን ሁለት ጊዜ ቀረጽሁ። አፈርሁ፤ ምን እደብቃለሁ? ጅማቱን በጠስሁ፣ የምስሩን ወረቀት አወጣሁ፣ የምጡን ጸሎት አንድ ቃል ሳልዘል ጽፌ በዚያው ቆዳ ሰፋሁት። ለጓዴ «ጅማቱን አድሼልሃለሁ» ብዬ ሰጠሁት። ስሞ ወሰደው።

ደምሌ ወረቀቱን ጨብጦ ሳይሰናበተን ሄደ። ከሐረገ ወይን ጋር በሽማግሌ ፊት ምሎ ታረቀ። አህያ ግን አልገዛም። ወር ሳይሞላው ደብዳቤ ይዞ ወደ የሻረግ ተመለሰ፤ ከሷ ሌላ ማንን ያምናል? እሷም «ከበርበሬው ከረጢት ይክተቱት ጌታው። እዚያ ውስጥ ማን አፍንጫውን ይከታል?» አለችው። እስከ ዛሬ አንድም አልተከፈተባትም።

ያን ዕለት ጓዴን ሸኝታ ልትሄድ ስትነሣ ጉልበቷ ተንቋቋ። ማናችንም አልሳቅንም። እኔም የምሰጣት አህያ ስለሌለኝ መቋሚያዬን ከግድግዳው አውርጄ ሰጠኋት። አሁንም ከመካነ ኢየሱስ ስትመለስ ተመርኩዛው አያታለሁ፤ እኔ ማኅሌት የምቆመው በውሰት መቋሚያ ነው።