በገዛ ላሜ ስቀና

በላም ሰበብ በሰው ቀንቼ አውቃለሁ። ሳቁ፣ መብታችሁ ነው። እኔ ግን ያኔ አልሳቅሁም።

ዘመኑ የደርግ ነው፣ ሰፈሩ ገርጂ። ያኔ ገርጂን ከተማ ነው ብሎ የሚምል አልነበረም፤ ቤቶቹ ተራርቀው፣ መሃላቸው ሜዳ፣ ቦሌ ሊያርፍ ዝቅ ያለ አውሮፕላን ያሰጣነውን ልብስ ይዞት ሊሄድ ምንም አይቀረው። የመጀመሪያ ልጄን ገና መውለዴ ነበር። አራስ ቤት ትኩሳት ያዘኝና ስነሳ ጡቴ ደርቋል። የዱቄት ወተት ደግሞ ተሰልፈሽም አታገኚውም። ደግነቱ ላም ነበረችኝ። እናቴ ቤት ከጥጃነቷ ጀምሮ ያሳደግኋት፣ ስዳር እናቴ መርቃ የሰጠችኝ፣ ከእኔ እጅ በቀር የማትታለብ ላም። ባሌ አንዴ ሊያልባት ቢሞክር ማለቢያውን በእግሯ ገልብጣ ሱሪውን በወተት አጠበችለት። ያን ቀን እንዴት እንደኮራሁ!

ከአጥራችን ማዶ ቀበሌው ባከራየው ቤት ህንዳውያን ባልና ሚስት ይኖሩ ነበር። እሱ የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ ጠዋት ጃንጥላውን ይዞ ወደ ጉርድ ሾላ በእግሩ ይወጣል። እሷ ቤት ትውላለች። በዕድሜ ትበልጠኛለች፣ ልጅ ግን አልወለደችም። ሥጋ የሚባል ነገር ደጃቸው ስለማይደርስ ሰፈሩ "ዓመት ሙሉ የሚጾሙት" ይላቸዋል። አማርኛዋን ከገበያ ነው የለቀመችው፤ ስትከራከር ይቃናላታል፣ ስታወራ ይሰባበርባታል።

ነገሩ የጀመረው ጥጃችን የሞተ ጊዜ ነው። ላሜ ወተቷን ያዘች። ግቷ ተወጥሮ እያየሁት ጠብ አይልም። ባሌ የጥጃውን ቆዳ ገፍፎ ጭድ ጠቅጥቆ አጠገቧ አቆመላት፤ በአገሩ እንደዚያ ያደርጋሉ፣ ላሚቱ ልጄ ነው ብላ እየላሰችው ወተቷን ትለቃለች። የኔዋ አሸተተችው፣ ቀና ብላ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ ፊቷን አዞረች። ልጄ ቤት ውስጥ በጥማት ያለቅሳል።

"ይቺማ ካልታለበች የፋሲካ ቅርጫ ናት" አለ ባሌ። ሰፈሩ እርድ ሲያፈላልግ ስለነበር ወሬው ሳይውል ሳያድር አጥር ዘለለ።

ህንዷ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች መጣች። ዓይኗ ቀልቷል። እጇ ላይ ትኩስ ቂጣ ይዛለች። "አትረዱ። እባክሽ እህቴ፣ አትረዱ" አለችኝና እኔን አልፋ ወደ ጋጣው ገባች። እኛ ቤት ላም ስትታለብ ባዕድ አይቆምም፤ የሰው ዓይን ያርፍባታል ብለን በሩን ዘግተን ነው የምናልበው። ይቺ ጭራሽ ግንባሯን ከላሚቱ ግንባር አጋጠመች። ቂጣውን አጎረሰቻት፣ አንገቷን እያሻሸች በአገሯ ቋንቋ የሆነ ነገር አንጎራጎረች። ላሜ በረጅሙ ተነፈሰች። እኔም እስቲ ልሞክር ብዬ ማለቢያዬን ይዤ ቁጢጥ አልኩ። ጡቷን ገና ስነካው ወተቱ ጮር! ጮር! አለ።

ደስ ይበልሽ ትሉኛላችሁ። ልጄ ጠግቦ ተኛ፣ ደስ አለኝ። ግን ያሳደግኋት እኔ፣ እበቷን የምዝቅ እኔ፣ ፉርሽካ ፍለጋ ፀሐይ ላይ ቆሜ የምውል እኔ! በአንድ ቂጣ ትሸጠኝ?

ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ እሷ ካልመጣች ወተት የለም። እኔ ማለቢያዬን ይዤ፣ ላሟም ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ፣ ሁለታችንም የነጠላ ጫማዋን ድምፅ እንጠብቃለን። ላሜ ድምፁን ስትሰማ እምቧ ትላለች። ለእኔ አንድ ቀን እንኳ እምቧ ብላ አታውቅም። ባሌ ደግሞ፣ ያ ለቅርጫ ሲያጫት የነበረው፣ "እንዴት ያለች ደግ ሴት ናት!" ይላል።

አንድ ቀን ጭራሽ የላሚቱ ግንባር ላይ ቀይ ነጥብ ቀብታ ሄደች። የቀበሌው ዘበኛ በአጥሩ ቀዳዳ አይቶ፣ "ላሚቱ ፓርቲ ገባች እንዴ?" አለኝ፤ ወዲያው ማንም እንዳልሰማው ግራ ቀኙን አየ። እሱ ሲሄድ ቀዩን በአመድ ፈግፍጌ አጠፋሁት። ዘበኛውን ፈርቼ ነው አልኩ ለባሌ። ውሸቴን ነው። የእሷን ምልክት በላሜ ላይ ማየት ስላቃጠለኝ ነው። በማግስቱ መጥታ ባዶውን ግንባር አየችና ደግማ ቀባችው።

ይሄኔ አልቻልኩም። "እናንተ ሰዎች ላም የምታመልኩት ምን ነክቷችሁ ነው?" አልኳት፣ እያለብኩ፣ ቀና ብዬ እንኳ ሳላያት።

አልተቆጣችም። የላሟን አንገት እያሻሸች፣ ቃል እየፈለገች፣ ቀስ ብላ መለሰችልኝ። "አናመልክም። እናከብራለን። እናትሽ አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት አጠባችሽ። ላም እስክታረጂ ታጠባሻለች። ሣር ትበላለች፣ ወተት ትሰጣለች። ልጇ እርሻ ያርሳል። እበቷ እሳት ይሆናል። ሁሉን ትሰጣለች፣ አትጣላም። ያጠባሽን ታርጃለሽ?" አምላካቸውም በልጅነቱ ላም ይጠብቅ እንደነበር ነገረችኝ። እናቷ ቤት ቂጣ ሲጋገር የመጀመሪያዋ ለላም እንደምትሰጥ፣ ሰው የሚበላው ከዚያ በኋላ እንደሆነም ነገረችኝ። ከዚያ ወደ ቤት በር እየጠቆመች፣ ልጄን ማለቷ ነው፣ "የእሱ እናት" አለች። እጇ ግን ላሚቱ ላይ ነበር።

የእሱ እናት! ማለቢያውን ልወረውረው ምንም አልቀረኝ። ልጄን ያማጥኩት እኔ፣ የምታጠባው ላም፣ ላሚቱን የምታባብለው ህንድ። እኔ ታዲያ ምኑ ነኝ? ሞግዚቱ? ጥርሴን ነክሼ አልቤ ጨረስኩ፤ አመሰግናለሁ እንኳ አላልኳትም። ጡጦውን እየሞላሁ እንባዬ ወተቱ ውስጥ እንዳይገባ ፊቴን አዞርኩ። ልጄ ወተቱን እየማገ ዓይን ዓይኔን ሲያየኝ፣ እኔን ይሁን ከኋላዬ ያለውን ጋጣ የሚፈልገው ማወቅ አቃተኝ። እንዲህ ያለ ቅናት አለ ብላችሁ ታምናላችሁ?

ፋሲካ ሲቃረብ የአስተማሪው ውል አለቀና አገራቸው ሊገቡ ሆነ። እሰይ! አልኩ፣ በልቤ። መጥታ ልጄን ስማ፣ እኔን ስማ ወደ ጋጣው ገባች። እዚያ ቆየች። ምን እንዳለቻት አላውቅም። ከሰዓት በኋላ አንድ አውሮፕላን በላያችን አለፈ፤ እነሱ የተሳፈሩበት ይሁን ሌላ አላውቅም፣ እኔ ግን በሆዴ ሸኘኋት። ላሜ ለእኔ ተመለሰችልኝ ብዬ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ማለቢያዬን ይዤ ገባሁ። ላሜ ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ ቆማለች። አባበልኳት፣ ጡቷን አሸሁ፣ ጠብ አላለም። ከቤት ልጄ ማልቀስ ጀመረ። ባሌ በሩ ላይ ቆሞ፣ "በቃ፣ ለቅርጫ ሰዎቹ ልንገራቸው። ፋሲካም ደርሷል" አለ።

"ዝም በል!" ብዬው ወደ ማድቤት ሮጥኩ። ልጄ እያለቀሰ፣ እሳት ለኩሼ ዱቄት አቦካሁ። የመጀመሪያዋን ቂጣ ለባሌ አልሰጠሁ፣ እኔ አልቀመስኩ፣ እጄን እያቃጠለችኝ ለላሜ ወሰድኩላት። አሸተተችና ፊቷን አዞረች። ያኔ ኩራቴ ሁሉ ጥሎኝ ሄደ። ባሌ እያየኝ ግንባሬን ከግንባሯ አጋጠምኩ። ህንዷ የቀባችው ቀይ ግንባሬ ላይ ተለቀለቀ፤ አልጠረግሁትም። ማንጎራጎር ስለማልችልበት ተንሰቀሰቅኩባት። "የኔ እመቤት፣ ተይ። እኔም እናት ነኝ እኮ። እንድትወጂኝ አይደለም፣ ለልጄ ስጪልኝ" አልኳት። ባሌ ከበሩ ዞር አለ።

ቆየት ብላ ቂጣውን ከእጄ ላይ በላችው። በረጅሙ ተነፈሰች። ቁጢጥ ብዬ ጡቷን ስይዘው ወተቱ ወረደ።

ልጄን አጠገብኩ፣ ስለ ቅርጫም ደግሞ ያነሳ የለም። ያን ጠዋት ግን እያለብኩ ቀና ብዬ ላሜን አየኋት። ወተቷን ለእኔ እየሰጠች፣ ጆሮዋ ወደ ህንዷ አጥር ነበር።