ሲመቱት የሚበራው ፍሊፐር

ባለፈው ቅዳሜ ቦንጋ መብራት ሄዶ ሲመለስ የቴሌቪዥናችን ሪሲቨር ብልጭ ብሎ ድርግም አለና ከጀርባው የተቃጠለ ሽቦ ሽታ ወጣ፤ ያ ላስቲክና አቧራ አንድ ላይ ሲያር የሚሸተው፣ ጉሮሮ የሚከረክር ሽታ። ሳላስበው እጄን አንስቼ በመዳፌ ደህና አድርጌ አቀመስኩት፣ በራ። የስድስት ዓመት ልጄ ከሶፋው ዘላ ወርዳ «እማዬ፣ ሲመቱት ይሠራል እንዴ?» ብላ በደስታ አጨበጨበች፤ እኔ ግን እጄን እያየሁ ቆሜ ቀረሁ፣ የአባቴ እጅ ነበርና።

አባቴ ጋሽ ወልዴ መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት ነበረው። አንድ በጋ ጅማ ውስጥ አንድ ሆቴል ሊዘጋ ዕቃውን ሲሸጥ አሮጌ ፍሊፐር ገዝቶ፣ በአይሱዙ አስጭኖ መጣ፤ አራት እግር ያለው፣ ላዩ መስታወት የሆነ፣ ሳንቲም ሲጎርስ መብራቶቹ ቦግ ቦግ ብለው የብረት ኳሷ ደወል እያስጮኸች የምትሮጥበት የጨዋታ ሳጥን ነበር። ሾፌሩም፣ ረዳቱም፣ ቡና ነጋዴውም ተራ ይዞ ይጠብቅ ነበር። አባቴ ከእኛ ከልጆቹ አስበልጦ ይወደው ነበር ብል ውሸት የለውም፤ እኛን ለመምታት ካልሆነ በእጁ አይነካንም፣ እሱን ግን በየጠዋቱ በነጭ ጨርቅ ይወለውለው ነበር።

የበልጉ ዝናብ ሲጀምር ፍሊፐሩ በጨዋታ መሐል ይጠፋ ጀመር። መጀመሪያ የጠፋ ዕለት አባቴ ቆሽቱ አርሮ ጎኑን በቡጢ ሲለው ቦግ አለ። «አያችሁ፣ ዱላ ከገነት ወጣ!» ብሎ ወደ ተጫዋቾቹ ዞረ፣ ሰዉም ሳቀለት። አባቴ ድሮም እጁ ፈጣን ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ማስረጃ አገኘ መሰለኝ፣ ወጥ ሲያር እናቴን፣ ብርጭቆ ሲሰበር እኔን፣ መልስ ስትመልስ ታላቅ እህቴን አስካለን ይመታ ነበር። እናቴ የፊቷን እብጠት በነጠላዋ ሸፍና «ዝም በሉ፣ ይበርድለታል» ትለን ነበር። አልበረደለትም።

ክረምት ገብቶ መብረቁ ሰፈሩን ሲያናጋ የፍሊፐሩ ፊውዝ ተቃጠለ። አባቴ ለዚህ ሠሪ አልጠራም፤ ከሲጋራ ፓኮ የብር ወረቀቱን ቀዶ፣ የተቃጠለውን ፊውዝ ጠቅልሎ መለሰው፣ ሠራም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ የሚያር ሽታ ከሻይ ቤታችን አልጠፋም፣ ሳጥኑም ከበፊቱ ይበልጥ ይጠፋ፣ ቡጢውም ከበፊቱ ይበልጥ ይበዛ ነበር።

ጥቅምት ላይ ቡና ሲለቀም አባቴ እሁድ እመለሳለሁ ብሎ ዓርብ ጠዋት ወደ ዋጫ ሄደ። አስካለ ያኔ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፣ እኔን በአምስት ትበልጠኛለች፤ እሱ እግሩ እንደወጣ ሶኬቱን ነቅላ የሳጥኑን ጀርባ ፈታች። ሽቦውን ከሶኬቱ ተነስታ በቀርከሃ ስንጥር እየነካካች ተከተለችው፤ ትራንስፎርመሩን አለፈች፣ ፊውዙ ጋ ስትደርስ ቆመች። ፊውዙን ነክሶ የሚይዘው ቆርቆሮ ጠቁሮ ላልቷል፣ ከሥሩ ያለው እንጨትም ከሰል ሆኗል። «ፊውዝ እኮ ቤት እንዳይቃጠል ብሎ ራሱ የሚቃጠል ነው» አለችኝ፤ «አባዬ በወረቀት ከለከለው። ቡጢውም የላላውን ለጊዜው ያገናኘዋል እንጂ አያድነውም፣ በመታው ቁጥር የባሰ ይላላል።» የብር ወረቀቱን አውጥታ ደብተሯ ውስጥ ከተተችና፣ እሁድ ሳይደርስ ከሬዲዮ ሠሪው ከጋሽ ከማል አዲስ ፊውዝ እስክታመጣ ትንፍሽ እንዳልል አስማለችኝ።

አባቴ ግን ቅዳሜ መጣ። ገበያ ቀን ነው፣ ሻይ ቤቱ ጢም ብሏል። አንድ ሾፌር ሳንቲም ከተተ፣ ፍሊፐሩ ጨለማ፤ አጠገቡ የቆመውን ጓደኛውን አንተ ነህ ያበላሸኸው አለው፣ ያ ሰደበው፣ ጠርሙስ ተነስቶ ግንባር ላይ ተሰበረ፣ ደሙ መስታወቱ ላይ ተረጨ። አባቴ እየዘለለ መጥቶ ሳጥኑን በቡጢ አለው፣ ደገመ፣ ሠለሰ፣ የጣቱ ቆዳ እስኪላጥ ቀጠቀጠው፤ አልበራም። ጀርባውን ገንጥሎ ሲያይ ወረቀቱ የለም።

«ማነው የነካው?» አለ፣ ዓይኑ እኔ ላይ ነበር።

«አስካለ ናት» አልኩ። ጥያቄውን እንኳ በቅጡ ሳይጨርስ ነው ያልኩት፤ ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው።

አስካለ ትሪ ይዛ ቆማ ነበር። በጨበጠው እጁ ግራ ጆሮዋ ላይ መታት፣ ከነብርጭቆዎቹ ወደቀች፣ ወድቃም በጫማው ረገጣት። እናቴ መሐል ስትገባ የፊት ጥርሷ ረገፈ። በመጨረሻ ጎትተው ያስጣሉት እነዚያው አሁን ሲፈነካከቱ የነበሩት ሾፌሮች ናቸው። ከአስካለ ጆሮ ቀጭን ደም ወረደ፤ እሷ የምታየው ግን እሱን አልነበረም፣ እኔን ነበር።

ጥር ላይ አባቴ እጁ መፍትሔ ሲያጣ ጋሽ ከማልን ጠራ። ጋሽ ከማል ሳጥኑን ከፍቶ፣ ከሰል የሆነውን እንጨት በጥፍሩ ፍቆ፣ «ወልዴ፣ ያንን ወረቀት ማን እንዳወጣው አላውቅም፣ ግን ከነልጆችህ ከመንደድ አትርፎሃል» አለው። አባቴ ወደ ውጭ ወጣ፣ በሳምንቱም ፍሊፐሩን ሸጠው። የአስካለ ግራ ጆሮ ግን ላይሰማ እንደጠፋ ቀረ። አባቴ እስኪሞት ድረስ ይቅርታ የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም፣ እኔም አልማርኩትም፤ እኔም ብሆን እስከ ዛሬ አስካለን ይቅርታ አልጠየቅኋትም።

ሪሲቨሩን በመታሁ ማግስት፣ እሁድ ዕለት፣ አስካለ ከሺሺንዳ መጣች፤ እዚያ ስልክና ሬዲዮ የምትጠግንበት ትንሽ ሱቅ አላት። በቀኝ ጆሮዋ በኩል ተቀምጬ የሪሲቨሩን ነገር ነገርኳት፣ መፍቻዋን አውጥታ ጎንበስ እንዳለች ልጄ በግራዋ በኩል እየሮጠች መጥታ «አክስቴ፣ እንደሱ አይደለም፣ እማዬ እንዲህ ነው የምታደርገው!» ብላ እጇን ወደ ላይ አነሳች። አስካለ መፍቻውን ጥላ ጭንቅላቷን በሁለት እጇ ሸፍና ኩርምት አለች። ልጄ ጨዋታ መስሏት ሳቀች።

አስካለ ቀስ ብላ ቀና አለችና የልጄን እጅ ይዛ ወደ ታች አወረደችው፤ «አይመታም የኔ ቆንጆ፣ ይከፈታል» አለቻትና መፍቻውን አስያዘቻት። ሁለቱ ተደግፈው ብሎን ሲፈቱ እኔ ወጥ ቤት ገብቼ ብዙ ቆየሁ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይላሉ። ያኔ ቤታችን ውስጥ እጅ ሲነሳ ምን እንደሚከተል ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ዛሬ ልጄ እጇን ያነሳችው እየሳቀች ነው፣ ያስተማርኳት ግን እኔ ነኝ።